የማፍሰሻው ብሎን ጥርስ ሲበላ

ዛሬ ዘይት ልቀይር መኪናዋ ስር ገባሁ። የማፍሰሻውን ብሎን ስፈታው ጥርሱ ላይ የአሉሚኒየም ጥቅልል ይዞ ወጣ። መልሼ ባስገባው ባዶውን ይዞራል፣ አይጠብቅም። ከእኔ በፊት የነካው ሰው ጉልበተኛ ነበር ማለት ነው።

ኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ፣ አሉሚኒየም ነው፣ ብሎኑ ብረት። ትግል ከተጀመረ የሚሸነፈው ኮፓው ነው። ለነገሩ ዘይት እንዳይንጠባጠብ የሚይዘው ጉልበት ሳይሆን ከብሎኑ ራስ ስር የሚገባው ቀለበት፣ ሮንዴላው ነው። ያረጀ ሮንዴላ ሲያንጠባጥብ ግን ሰው ሮንዴላውን ከመቀየር ይልቅ ቁልፉን ይጎትታል። እንግዲህ ጥርሱ የሚያልቀው እንዲህ ነው።

ማስቲሽ ቀብቶ መዝጋት አይታሰብም። ብሎኑ መንገድ ላይ ከወደቀ ሞተሩ ዘይት አጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። ራሱ ጥርስ እያወጣ የሚገባ ወፍራም ብሎን አለ፤ ርካሽ ነው፣ ግን ተንጋዶ ይገባል፣ ኮፓውንም ሊሰነጥቅ ይችላል። በተበላው ጥርስ ቦታ የሚገባ የሽቦ ጥቅልልም አለ፣ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ይህ ብሎን በየዘይት ለውጡ ይፈታል፣ አንድ ቀን ጥቅልሉም አብሮ ይወጣ ይሆናል። እኔ የመረጥኩት ውስጡም ውጩም ጥርስ ያለው የብረት ቡሺንግ ነው፣ ቀዳዳው ውስጥ የሚቀር አጭር ቱቦ። ቀዳዳውን በትራፓኖ አስፍቶ፣ አዲስ ጥርስ አውጥቶ፣ ሙቀትና ዘይት በሚችል የብሎን ሙጫ ማሰር ነው።

ዋናው ጭንቀት ብናኙ ነው። የአሉሚኒየም ብናኝ በማግኔት አይለቀምም። የዘይት ማጣሪያው ደግሞ ከፓምፑ ቀጥሎ ስለሚገኝ፣ በመምጠጫው ወንፊት ያለፈ ብናኝ መጀመሪያ የሚያገኘው ፓምፑን ነው። ስለዚህ መሰርሰሪያውንም ጥርስ ማውጫውንም ግሪስ በግሪስ አደረግኳቸው፤ ብናኙ ይጣበቅበታል። ጥቂት እያዞርኩ፣ ትንሽ ወደኋላ እየመለስኩ፣ አውጥቼ እየጠረግኩ። አሰልቺ ነው። በጀርባ ተኝቶ ደግሞ ቀጥ ማለቱን በዓይን መለካት አይቻልም፤ ካዘነበለ ሮንዴላው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ትንሽ የማዕዘን መለኪያ ከኮፓው ጠፍጣፋ ፊት ላይ እያስደገፍኩ ነው የሠራሁት። የቡሺንጉ ጫፍ ከዚያ ፊት እንዳይወጣም ተጠንቅቄአለሁ።

(መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ከስር መግባት አይሞከርም። ማቆሚያ ያስፈልጋል።)

ሙጫው ከደረቀ በኋላ ማፍሰሻውን ክፍት ትቼ ከላይ ጥቂት ዘይት አፈሰስኩ። ከታች በነጭ ጨርቅ ተቀበልኩት። መጀመሪያ ጥቂት ብልጭልጭ ነገር ወጣ፤ ደገምኩት፣ ንጹህ ሆነ።

ከዚያ አዲስ ሮንዴላ። የመኪናው መጽሐፍ 35 ኒውተን ሜትር ይላል፤ ብዙዎቹ ከ25 እስከ 40 ባለው ውስጥ ናቸው። የማጥበቂያ ልክ ያለው ቁልፍ ቀጭ ሲል እጄ "ትንሽ ጨምር" አለኝ። አልሰማሁትም። ዘይቱን ሞልቼ ሞተሩ እስኪሞቅ አስነሳሁና አጠፋሁ። በጣቴ ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው። ትንሽ ከነዳሁ በኋላ ደግሜ አየዋለሁ።