ኤስጂኦቲ እና ኤስጂፒቲ ቦታ ሲለዋወጡ፦ ከሰባት ወር የጉበት ስብ ጥናት የተማርኩት

ባለፈው ሳምንት የጥናቴን መረጃ ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው አንብቤ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምጠራጠረው ቁጥር አላገኘሁም። እዚህ ለመድረስ ሰባት ወር ወስዶብኛል፤ ከሰባቱ ወራት ሦስቱን የበላው ግን ስታትስቲክስ ሳይሆን የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሚታተሙ ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ የሚሉ ሁለት የጉበት ኢንዛይም ምህጻረ ቃላት ናቸው። ቀን ኦፕሬሽን ክፍል ሰመመን እሰጣለሁ፣ ማታ ደግሞ ጥናት መሥራት እማራለሁ። ይህን የምጽፈው በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁ የሙያ አጋሮቼ ነው።

አጀማመሬን በአጭሩ ልለፈው። የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ሰመመን ጋዙ ሀሎቴን ሲሆን፣ «ሀሎቴን ጉበቱ ላይ ስብ ያለበትን ታካሚ ይበልጥ ይጎዳል ወይ?» የሚል ነበር። ሰውነት ከሚወስደው ሀሎቴን 20 በመቶ ገደማው ጉበት ውስጥ ሲብላላ ከሌላው የሰመመን ጋዝ ከአይሶፍሉሬን ግን 0.2 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሚብላላ፣ ጥያቄው መሠረት ነበረው። አማካሪዬ ግን በአሜሪካ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለተካሄደው ብሔራዊ የሀሎቴን ጥናት እንዳነብ አዘዙኝ። ያ ጥናት ሀሎቴን የሚያስከትለው ከባድ የጉበት ጉዳት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለመናገር ከ850,000 በላይ የሰመመን መዝገቦችን መመርመር አስፈልጎታል። እኔ በፕሮፖዛሌ ላይ የጻፍኩት 423 ታካሚ ነበር። ይህን ቁጥር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስርጭቱ 50 በመቶ ተብሎ ይገመታል፣ የ5 በመቶ ስሕተት ይፈቀዳል፣ 384 ይወጣል፣ ከዚያ 10 በመቶ ይጨመርበታል። ከ423 ታካሚዎች አንድም ሰው ሳይጎዳ ቢቀር እንኳ፣ አንድም ጉዳት ባልታየበት ጊዜ በሚሠራበት የሦስት ደንብ 3ን ለ423 ስናካፍል፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት መናገር የምንችለው «ጉዳቱ ከ141 ሰው ከአንድ አይበልጥም» ብቻ ነው። ስለ ብርቅ ጉዳት እንዲህ ያለው መልስ ምንም አይጠቅምም። የናሙና መጠን ከጥያቄው መውጣት ሲገባው ከቀደሙ ተመራቂዎች ወረቀት መገልበጡ ሙያችንን እየጎዳ ያለ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እኔም ገልብጬ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥኩ። የሐሞት ጠጠር ለማስወጣት ከሚመጡ ታካሚዎች መካከል በአልትራሳውንድ ጉበታቸው ላይ ስብ የታየባቸውን ወስጄ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት በሚታዘዘው ተራ የደም ምርመራ ብቻ ጉበታቸው ጠባሳ ይዞ ሊሆን የሚችለውንና ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልጋቸውን መለየት ፈለግሁ። የሐሞት ጠጠርን የመረጥኩት እነዚህ ታካሚዎች ሁሉ አልትራሳውንድ ስለሚነሡ ነው፤ በሌሎች ቀዶ ሕክምናዎች ምርመራው የሚታዘዘው ምክንያት ለተገኘባቸው ብቻ በመሆኑ ናሙናው ገና ከመነሻው ይዛባል። ለእኛ ለሰመመን ባለሙያዎች ስብ ብቻ ያለበት ጉበትና ጠባሳ የያዘ ጉበት አንድ አይደሉም። ጠባሳው ገፍቶ የሄደበት ታካሚ ጡንቻ የሚያዝናናው መድኃኒት ቬኩሮኒየም ሲሰጠው ጡንቻው ቶሎ አይመለስለትም፣ ደሙም ቶሎ ላይረጋ ይችላል፤ ሌላው ጡንቻ አዝናኝ አትራኩሪየም ግን በሰውነት ሙቀትና በደም አሲድነት መጠን ራሱ፣ እንዲሁም በደም ውስጥ ባሉ ኢንዛይሞች ስለሚፈርስ ጉበቱን አይጠብቅም። አልትራሳውንድ ስቡን ያሳየናል፤ ገና የጀመረውን ጠባሳ ግን አያሳየንም፣ ቀላል የሆነውን ስብም ቢሆን ያልፈዋል።

ለዚህ የመረጥኩት መሣሪያ ፊብ ፎር የሚባለው ስሌት ነው፤ በጣም እንደምወደው አልደብቅም። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ሲ በአንድነት ለያዛቸው ሰዎች ነበር፤ በኋላ ጉበታቸው ላይ ስብ ላለባቸው ሰዎችም ዋለ። የሚፈልገው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ዕድሜ፣ ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ የሚባሉት ሁለት የጉበት ኢንዛይሞች፣ እና ደም የሚያረጉት ሕዋሳት፣ ማለትም ፕላትሌት። ዕድሜ በኤኤስቲ ይባዛል፤ ውጤቱ፣ ፕላትሌት (በሺህ ተቆጥሮ) በኤኤልቲ ዳግም ዘር ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ከ1.3 በታች ከሆነ የገፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው፤ ከ2.67 በላይ ከሆነ ታካሚው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ በመካከሉ ያለው አጠራጣሪ ነው። ልዩ መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታል እንኳ እስክሪብቶና ወረቀት ይበቁታል። አንድ ነገር ግን ደጋግሜ ማሳሰብ እፈልጋለሁ፤ ፊብ ፎር የሚመዝነው ጠባሳን እንጂ ስብን አይደለም። ስቡ በምስል ተረጋግጦ ካልቀረበለት ስለ ስብ የሚነግረን ነገር የለም።

ሦስት ወር የፈጀብኝ ችግር የተነሣው ከዚሁ ስሌት ነው። የእኔ ቅጽ «ኤኤስቲ» እና «ኤኤልቲ» የሚሉ ሁለት አምዶች ሲኖሩት፣ የላቦራቶሪው ወረቀት ግን ብዙዎቻችን እንደለመድነው በቀድሞ ስማቸው «ኤስጂኦቲ» እና «ኤስጂፒቲ» ብሎ ያትማል። ኤስጂኦቲ ማለት ኤኤስቲ፣ ኤስጂፒቲ ማለት ደግሞ ኤኤልቲ እንደሆነ ብጠየቅ ሳላመነታ እመልስ ነበር። እጄ ግን ስሙን ትቶ ቦታውን እየተከተለ፣ የላይኛውን ቁጥር ወደ መጀመሪያው አምድ፣ የታችኛውን ወደ ሁለተኛው ይገለብጥ ነበር። ወረቀቱ ከአንዱ ማሽን ሲወጣ ኤስጂኦቲ ከላይ ይሆናል፤ ከሌላው ሲወጣ ኤስጂፒቲ ይቀድማል። ማሽኖቹ እንደ ኬሚካሉ አቅርቦት ስለሚፈራረቁ ስሕተቴ አንዳንዱን ሳምንት ነክቶ ሌላውን ምንም ሳይነካ ያልፍ ነበር።

ይህ ስሕተት ምን ያህል እንደሚጎዳ በአንድ ታካሚ ላሳያችሁ። ዕድሜው 50፣ ኤስጂኦቲው 36፣ ኤስጂፒቲው 81፣ ፕላትሌቱ 200 ሺህ ነው። በትክክል ከተሰላ 50 በ36 ሲባዛ 1,800፤ 200 በ9 (በ81 ዳግም ዘር) ሲባዛም 1,800፤ ስለዚህ ፊብ ፎሩ 1.0 ነው፣ ሰውዬው አያሳስብም። ሁለቱ ኢንዛይሞች ቦታ ሲለዋወጡ ግን 50 በ81 ተባዝቶ 4,050፣ 200 በ6 ተባዝቶ 1,200፣ ውጤቱም 3.4 ገደማ ይሆናል። አንድ ታካሚ በአንድ የመገልበጥ ስሕተት ከዝቅተኛው መደብ መካከለኛውን ዘሎ ከፍተኛው ውስጥ ገባ። ለሁሉም ረድፎች ኤክሴል ላይ ያሰላሁት እኔው ነበርኩ፤ ቀመሩ ትክክል ስለነበር ፕሮግራሙ የሚያስጠነቅቅበት ምክንያት አልነበረውም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ መጠርጠር የነበረብኝ ምልክት ከዓይኔ ሥር መቆየቱ ነው። ስብ ብቻ ባለበት ጉበት ብዙውን ጊዜ ኤኤልቲ ከኤኤስቲ ይበልጣል፤ ጠባሳው ሲገፋ ወይም አልኮል ሲኖርበት ግን ኤኤስቲ ይበልጣል። የእኔ ሰንጠረዥ ከፊል ታካሚዎችን ኤኤስቲያቸው እጅግ የበለጠ አድርጎ ያሳይ ነበር። እኔም ይህን እንደ ግኝት ወስጄ በክፍላችን ሴሚናር ላይ «ሳናውቀው ጠባሳ የያዘ ጉበት ላይ ሰመመን እየሰጠን ነው» ብዬ አቀረብኩ። ስሕተቱን ካገኘሁ በኋላ በዚያው አዳራሽ፣ በእነዚያው ባልደረቦቼ ፊት ቆሜ አረምኩት። ከባድ ቀን ነበር፤ ሆኖም አንድ ታላቅ ባልደረባዬ ከስብሰባው በኋላ የራሳቸውን የቆየ መረጃ ይዘው መጥተው «እስኪ አብረን እንየው» አሉኝ።

ስሕተቱን ያገኘሁት በእጅ በማስላት ነው። ሃያ የላቦራቶሪ ወረቀቶችን ከካርድ ክፍል ባወጣኋቸው ካርዶች ውስጥ ፈልጌ፣ እያንዳንዱን ወረቀት ላይ አስልቼ ከኤክሴሉ ጋር አስተያየሁ። ከዚያ በኋላ ቅጹን ለወጥኩ፦ አሁን አምዶቹ የላቦራቶሪውን ስም እንዳለ ይጽፋሉ፣ ወደ አዲሱ ስም የሚቀየረው በመጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መረጃውንም ሁለት ሰዎች ለየብቻ ያስገባሉ፣ ልዩነት በተገኘበት ሁሉ ወረቀቱ እንደገና ይወጣል። በየሥልጠናው መጀመሪያ ስታታ ወይም ኤስፒኤስኤስ መማራችንን የምቃወመውም ለዚህ ነው፤ ሃያ ካርድ በእጁ ያልገለበጠ ሰው ሶፍትዌር ባይከፍት እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ችግር ገና ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ፊብ ፎር ዕድሜን የሚያባዛ ስሌት ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ካርድ ላይ የሚጻፈው ዕድሜ ብዙ ጊዜ በዜሮ ወይም በአምስት ያልቃል። በቀዶ ሕክምናቸው ዋዜማ ለቅድመ ሰመመን ምርመራ ዋርድ የጎበኘኋቸው አንዲት እናት ካርዳቸው ላይ 50 ተብሎ ተጽፎላቸዋል። «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ስላቸው «ሃምሳም ይሁን ስድሳ፣ እኔ ምን አውቄ ልጄ» አሉኝ። «ንጉሡ ሲወርዱ ትልቅ ሰው ነበሩ?» ብዬ ስጠይቃቸው «የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ ነው በሬዲዮ የሰማሁት» ብለው መለሱልኝ። ያ መስከረም 1967 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ሰባ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ኤስጂኦቲያቸው 30፣ ኤስጂፒቲያቸው 25፣ ፕላትሌታቸው 250 ሺህ ነበር። በ50 ዓመት 1.2፣ በ70 ዓመት 1.68 ይወጣል። ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን መለኪያውም ይለወጣል፤ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የታችኛው ድንበር ከ1.3 ይልቅ 2.0 እንዲሆን ይመከራል። ስለዚህ እኚህ እናት በትክክለኛ ዕድሜያቸው፣ በትክክለኛው ድንበር ሲታዩ ዝቅተኛው መደብ ውስጥ ናቸው፤ ዕድሜው ታርሞ ድንበሩ ሳይታረም ቢቀር ግን ያለ ምክንያት አጠራጣሪ እንላቸው ነበር።

ስለ አልኮልም አንድ ነገር ልጨምር። የጉበት ስብ በሽታ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከክብደት፣ ከስኳር፣ ከደም ግፊትና ከደም ቅባት ጋር በተያያዘ አዲስ ስም ቢጠራም፣ አልኮል በብዛት የሚጠጡት አሁንም በሌላ መደብ ነው የሚቀመጡት፤ ድንበሩም ለሴት በቀን 20፣ ለወንድ 30 ግራም ነው። የጠላና የአረቄ ጥንካሬ ከቤት ቤት ስለሚለያይ እኔ በግራም መጠየቄን ትቼ የመጠጡን ዓይነት፣ የመለኪያውን ዓይነትና በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጠጣ እመዘግባለሁ። ጫትንም ለብቻው እጠይቃለሁ፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከጉበት በሽታ ጋር ተያይዞ የተጠና ስለሆነ ከስቡ ጋር ተደባልቆ እንዲቀር አልፈልግም። ይህ ዘዴ ፍጹም አይደለም፤ የተሻለ ያላችሁ ብትጽፉልኝ ቅጼን ለመለወጥ ዝግጁ ነኝ።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በቅጼ ላይ ከዕድሜ አምድ ቀጥሎ «ዕድሜው በምን ታወቀ» የሚል አዲስ አምድ ገብቷል፤ መልሶቹም ካርድ፣ መታወቂያ ወይም የታሪክ ክስተት ናቸው። በእማማ ረድፍ ላይ የጻፍኩት ሦስተኛውን ነው።