የታማሳቡሮ ጉልበት

ባንዶ ታማሳቡሮን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በፊልም በተቀረጸ የካቡኪ፣ ማለትም የጃፓን ባህላዊ ቲያትር፣ ውዝዋዜ ላይ ነው። በረዶ በሚወርድበት መድረክ መሐል ነጭ ኪሞኖ የለበሰች፣ ራሷን በነጭ መከናነቢያ የሸፈነች ሴት ዣንጥላ ይዛ ቆማለች፤ ስትዞር እንኳ መዞሯን የምናውቀው ፊቷ ወደ እኛ ከደረሰ በኋላ ነው። “ሳጊ ሙሱሜ” የተሰኘው ይህ ውዝዋዜ በ1762 ኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) ከተማ ውስጥ የታየ ሲሆን (እዚህ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የሰው ፍቅር ስለያዛት የአንዲት ነጭ ሽመላ መንፈስ ይተርካል። ከኋላ የተቀመጠው ረዳት ልብሱን ያያያዙትን ክሮች ቀስ እያለ ይመዛቸውና ነጩ ኪሞኖ በአንድ ቅጽበት ሲገፈፍ፣ ከሥሩ ቀይ የለበሰች የከተማ ልጃገረድ ትወጣለች። በመጨረሻም ሽመላዋ ክንፏ እንደተሰበረ ሁሉ በበረዶው ላይ እየተንገዳገደች ወድቃ ትሞታለች። የማየው ሰው ወንድ መሆኑን አስቀድሜ አውቅ ነበር፤ ሆኖም ያ እውቀት ከውዝዋዜው መሐል የት እንደገባ ሳላውቀው ጠፋብኝ።

ስለ ሰውየው ማንበብ ስጀምር ከሁሉ በፊት የገረመኝ የእግሩ ታሪክ ነው። ታማሳቡሮ በሚያዝያ 1950 ቶኪዮ ውስጥ የተወለደው ከካቡኪ ቤተሰብ ሳይሆን ምግብ ቤት ከሚያስተዳድሩ ሰዎች ነው። በሕፃንነቱ ፖሊዮ ያዘው፤ የደከመው እግሩ እንዲጠነክርለት በማሰብም ወላጆቹ ውዝዋዜ እንዲማር አደረጉት። ልጁ ከትምህርቱ አልላቀቅ አለ። ዐሥራ አራተኛው ሞሪታ ካንያ የተባለው የካቡኪ ተዋናይ ተቀብሎ አስተማረው፤ በታኅሣሥ 1957፣ ገና በሰባት ዓመቱ፣ ባንዶ ኪኖጂ በሚል ስም ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ። በሰኔ 1964 ደግሞ የካንያ የማደጎ ልጅ ሆኖ አምስተኛው ባንዶ ታማሳቡሮ ተባለ። በካቡኪ ስም ልክ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነውና፣ ከውጭ ለመጣ ልጅ እንዲህ ያለ ስም መሰጠቱ ቀላል ነገር አይደለም። እርግጥ ማደጎ በካቡኪ ቤቶች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ ቢሆንም ከዋና ዋናዎቹ ቤቶች የተወለዱ ልጆች ገና አፋቸውን ሲፈቱ ትልልቅ ሚናዎች እንደሚጠብቋቸው ለሚያውቅ ሰው፣ ታማሳቡሮ የተነሣበት ቦታ ምን ያህል ሩቅ እንደነበር ግልጽ ነው።

የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ተዋናይ ኦናጋታ ይባላል። ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው ካቡኪን የጀመረችው ሴት መሆኗ ነው፤ ኦኩኒ የተባለች የቤተ መቅደስ አገልጋይ በ1603 ገደማ ኪዮቶ ውስጥ ባሳየችው ውዝዋዜ እንደተጀመረ ይነገራል። ያኔ ጃፓንን ይገዛ የነበረው የቶኩጋዋ መንግሥት ግን የሕዝብን ሥነ ምግባር ለመጠበቅ በሚል ምክንያት በ1629 ሴቶችን ከመድረክ አገደ፤ በ1652 ደግሞ የወጣት ወንዶቹን ካቡኪ ከለከለ። ስለዚህ ሴትን የመጫወቱ ሥራ በጎልማሳ ወንዶች ላይ ወደቀና ከእገዳ የተወለደ ጥበብ ሆነ። ከ1673 እስከ 1729 የኖረው ዝነኛው ኦናጋታ ዮሺዛዋ አያሜ፣ ኦናጋታ ከመድረክ ውጭም እንደ ሴት ካልኖረ በመድረክ ላይ አይሳካለትም ብሎ ያስተምር ነበር።

ታማሳቡሮ ግን ከአያሜ ትምህርት በፊት የሚያስጨንቀው ሌላ ጉዳይ ነበረው፤ ቁመቱ። ወደ 173 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ኦናጋታ፣ በተለይ በዚያ ትውልድ፣ ከወንድ ገጸ ባሕርያቱ በላይ ብቅ ይላል። መፍትሔው በኦናጋታ ሥልጠና ውስጥ ያለ ነው፤ ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላ አቀራርቦ ወደ ታች መጫን፣ ጉልበትን ገጥሞ ማጠፍ፣ ዳሌን ዝቅ አድርጎ በዚያው ሁኔታ ለረጅም ሰዓት መራመድ፣ መዞር፣ መቀመጥና መነሣት ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በከባድ ልብስና በከባድ ሰው ሠራሽ ጸጉር ሥር ስለሆነ ተመልካቹ የታጠፈውን ጉልበት አያየውም፤ የሚያየው የኪሞኖውን መስመር ብቻ ነው። አማርኛችን የእግርን መታጠፊያና የሰውን ኃይል በአንድ ቃል፣ ጉልበት ብሎ መጥራቱ ለዚህ ሰው የተዘጋጀ ይመስለኛል፤ በፖሊዮ የደከመው እግር በየዕለቱ ታጥፎ አምሳ ዓመትና ከዚያ በላይ የተሸከመው ነገር ቀላል አይደለም።

ታዋቂነቱ የመጣው በ1969 ነው። ጸሐፊው ዩኪዮ ሚሺማ ለብሔራዊ ቲያትር ባዘጋጀው አዲስ የካቡኪ ድርሰት ውስጥ የልዕልት ሺራኑይ ሚና ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወጣት ተሰጠ። ልዕልቲቱ አንድ ከዳተኛ ከፊት ለፊቷ ሲሠቃይ ረጋ ብላ ኮቶ የተባለውን ባለ ዐሥራ ሦስት ክር መሣሪያ ትደረድራለች፤ ውበትና ጭካኔ በአንድ ፊት ላይ አብረው መቀመጥ ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ ከካታኦካ ታካኦ ጋር፣ ከ1998 ጀምሮ ዐሥራ አምስተኛው ካታኦካ ኒዛኤሞን ከተባለው ተዋናይ ጋር፣ በፍቅረኛሞች ሚና መጣመር ጀመረ። ጥምረታቸው በሕዝቡ ዘንድ እጅግ ከመወደዱ የተነሣ ከሁለቱም ስም ተቆርጦ “ታካ-ታማ” የሚል መጠሪያ ወጣለት። በእርጅናቸውም ዘመን አብረው መድረክ ላይ ሲወጡ፣ ከአዳራሹ ጀርባ “ያማቶያ!” እና “ማትሱሺማያ!” እያሉ የቤት ስማቸውን የሚጠሩላቸው ተመልካቾች አላጡም።

ከካቡኪ ውጭ የሠራው ሥራ ብዙ ነው፤ እኔ ሁለቱን ብቻ አነሣለሁ። ፖላንዳዊው አንድሬ ቫይዳ የዶስቶየቭስኪን “ኢዲዮት” ልብ ወለድ መሠረት አድርጎ በ1994 በሠራው ፊልም ላይ ታማሳቡሮ ወንዱን ልዑል ሚሽኪንንም ሴቲቱን ናስታሲያንም ሆኖ ተጫወተ። በ2008 ደግሞ ኩንቹ በተባለው የቻይና ጥንታዊ ኦፔራ ውስጥ የዋናዋን ሴት ሚና በቻይንኛ እየዘፈነ ኪዮቶና ቤጂንግ ላይ አቀረበ። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ በአገሩ የሚያስፈልገውን ክብር ሁሉ ያገኘ ሰው፣ የማያውቀውን ቋንቋ ድምፅ በድምፅ ሲያጠና ማሰቡ ከሽልማቶቹ ዝርዝር ይልቅ ስለ እሱ ይነግረኛል። ሽልማቱም አልቀረም፤ በ2011 የኪዮቶን ሽልማት ተቀበለ፤ በ2012 ደግሞ የጃፓን መንግሥት “ሕያው ብሔራዊ ቅርስ” ብሎ ሰየመው።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው አኮያ የተባለችውን ሴት ሆኖ ሲጫወት ነው። ድርሰቱ በ1732 ኦሳካ ውስጥ ለአሻንጉሊት ቲያትር የተጻፈ ነው። ሔይኬ የተባለው ወገን በጦርነት ከተሸነፈ በኋላ፣ የሸሸውን ጦረኛ ካጌኪዮን የሚፈልጉ ሹማምንት ፍቅረኛው የሆነችውን ሴት አዳሪ አኮያን ይዘው ይመረምሯታል። አንደኛው ሹም ኢዋናጋ በሥቃይ እናውጣጣት ይላል። ዳኛው ሺጌታዳ ግን የማሠቃያ መሣሪያ ብሎ የሚያስመጣላት ኮቶ፣ ባለ ሦስት ክሩ ሻሚሰን እና እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታው ኮክዩ ነው። ያለበትን አላውቅም የምትለው ሴት የምትዋሽ ከሆነ ልቧ ይታወካል፤ ልቧ ከታወከ ደግሞ ጣቶቿ ዜማውን ያበላሹታል። አኮያም ከካጌኪዮ ጋር እንዴት እንደተገናኙና እንዴት እንደተለያዩ እየዘፈነች ሦስቱንም በየተራ ትጫወታለች፤ አንዲትም ድምፅ አትሳሳትም፤ ዳኛውም አምኗት ይለቃታል።

ተዋናዩ ሦስቱንም መሣሪያዎች እዚያው ተመልካቹ ፊት በገዛ እጁ መጫወት አለበት። ከባዱ ግን የሙዚቃው ችሎታ ብቻ አይደለም። ሙዚቃው በጣም ጎልቶ ከወጣ የምናየው ኮንሰርት ይሆናል፤ ሐዘኑ በጣም ጎልቶ ከወጣ ደግሞ ዳኛው የሚፈልገው መታወክ ይሆንና ታሪኩ ይፈርሳል። ታማሳቡሮ ሻሚሰኑን ይዞ ለአፍታ ሩቅ ሲመለከት ናፍቆቱ ዓይኑ ላይ ይታያል፤ ጣቶቹ ግን ስለ ዓይኑ ምንም የሰሙ አይመስሉም። ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ረጅም ዓመታት ይህን ሚና ይዞት የኖረው ታላቁ ኦናጋታ ስድስተኛው ናካሙራ ኡታኤሞን ነበር። ታማሳቡሮ በ1997 ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተው፤ ኡታኤሞን በ2001 ካረፈ በኋላ ሚናው የሚተላለፍለት ሌላ ሰው ሳይገኝ በእሱ ትከሻ ላይ ብቻ ቀረ።

በታኅሣሥ 2018 ቶኪዮ በሚገኘው ካቡኪ-ዛ ቲያትር፣ ታማሳቡሮ አንዳንዱን ቀን አኮያን ራሱ እየተጫወተ ሌሎቹን ቀናት ናካሙራ ባይሺ እና ናካሙራ ኮታሮ ለተባሉ ወጣት ኦናጋታዎች ለቀቀላቸው። እነሱ በሚጫወቱባቸው ቀናትም ቤቱ አልቀረም፤ የኢዋናጋን ሚና ወሰደ። ኢዋናጋ ፊቱን ቀይ የተቀባ ሹም ሲሆን፣ ድርሰቱ ከአሻንጉሊት ቲያትር መምጣቱን ለማስታወስ ተዋናዩ ከኋላው ያሉ ረዳቶች የሚያንቀሳቅሱት አሻንጉሊት መስሎ ይጫወተዋል። አኮያ ኮክዩውን በምትመታበት ጊዜ ይህ ጨካኝ ሰው ሳያስበው በዜማው ይማረክና ከፊቱ ካለው የእሳት ማንደጃ የፍም መቆስቆሻዎቹን አንሥቶ አብሯት የሚመታ ይመስላል። ሚናውን ከሃያ ዓመት በላይ የተሸከመው ሰው በእነዚያ ቀናት የተቀመጠው እዚያ ነበር፤ ወጣቱ መሐል ላይ ደጋኑን ሲስብ፣ እሱ ከጎን ሆኖ በሁለት የብረት ዘንጎች ድምፅ የሌለውን ኮክዩ ይመታ ነበር።