የላውንቸሩ ማሻሻያ ሲቆም
ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ላውንቸር (ጥቂት ፊደል ሲጻፍለት ፕሮግራም ወይም ሰነድ ፈልጎ የሚከፍት ፕሮግራም) ስቀይር ስለዋልኩ፣ ለሚጠቅመው ላካፍል። ላውንቺ የተባለው ላውንቸር የመጨረሻውን የተረጋጋ እትም፣ 2.5ን፣ ያወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ማሻሻያው ስለቆመ ብቻ በአንድ ጀንበር አይሞትም፤ የሚለወጠው ዙሪያው ነው። ቀድመው የሚበላሹት ፕላግኢኖቹ (ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ የሚገጠሙለት ተቀጥላዎች) ናቸው፤ የሚያናግሩት ድረ ገጽ አሠራሩን ሲቀይር የሚያስተካክላቸው የለም። ሊኑክስ ላይ ደግሞ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየው ሥርዓት ከኤክስ11 ወደ ዌይላንድ ሲዞር መክፈቻ ቁልፉ (ላውንቸሩን የምንጠራበት የኪቦርድ ቁልፍ) ዝም ሊል ይችላል። ያኔ ከሊኑክሱ ሴቲንግ ገብቶ በኪቦርድ ሾርትካት ስር አዲስ ቁልፍ መፍጠርና የላውንቸሩን መክፈቻ ትእዛዝ መስጠት ነው።

እባካችሁ አቋራጮቻችሁን በላውንቸሩ ሴቲንግ ውስጥ ብቻ አታስቀምጡ! አንድ ፎልደር ክፈቱ፤ የፕሮግራሞቹንና የሰነዶቹን ሾርትካት እዚያ አስገቡና በሁለት በሦስት ፊደል ሰይሟቸው። ከዚያ ላውንቸሩ ያንን ፎልደር እንዲያነብ አድርጉ። ነገ ሌላ ብትጭኑ ፎልደሩን ማሳየት ብቻ ይበቃል።

ስትመርጡ እኔ ከውበቱ ይልቅ ክፍት የምንጭ ኮድ (ኮዱን ማንም አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል) መሆኑን አስቀድማለሁ። ዎክስ የተባለው ላውንቸር ክፍት ስለነበር ፍሎው ላውንቸር ከእሱ ኮድ ተነስቶ መቀጠል ችሏል።

አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን ስትሞክሩ መክፈቻ ቁልፋቸውን ለዩ። ብዙዎቹ ኦልትና ስፔስን ስለሚፈልጉ ቀድሞ የተነሳው ይወስደዋል፣ ሌላው የተበላሸ ይመስላል።