ስልሳ ስታፋ

ዛሬ ጣቶቼ እስክሪብቶ አልጨብጥ ብለዋል። ቀኑን ሙሉ ስታፋ፣ የምሰሶን ዋና ብረቶች ዙሪያቸውን የሚይዘውን ቀጭን የብረት ቀለበት፣ ሳጥፍ ነው የዋልኩት። ሒሳቡ ከጭንቅላቴ ሳይወጣ ግን ልጻፈው።

ፌራዮ ሥራ፣ ማለትም ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) ቆርጦ፣ አጥፎ ማሰር፣ በረዳትነት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። በቀን ነበር የሚከፈለኝ። ሰሞኑን ቡድናችን በኪሎ መሥራት ሲጀምር እኔም በኪሎ ልግባ አልኩ፤ ደስ ብሎኝም ነበር። ዛሬ ግን ቁጭ ብዬ አሰላሁት።

የፌሮው ውፍረት በሚሊሜትር በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል የአንድ ሜትሩ ክብደት ይወጣል። ባለ 8 ሚሊሜትሩ በሜትር 0.395 ኪሎ ነው፤ ባለ 20 ደግሞ 2.47። ዛሬ ያጠፍኳቸው 60 ስታፋዎች ተደምረው 25 ኪሎ ቢሆኑ ነው። አንድ ባለ 20 ፌሮ፣ 12 ሜትሩ፣ ብቻውን ከ29 ኪሎ ይበልጣል። እሱን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ቦታው አድርሰው ለማሰር ብዙም አይቆዩም። እኔ ግን ለአንዱ ስታፋ አምስቴ፣ ለስልሳው 300 ጊዜ አጥፌያለሁ። ቀጭኑን ብረት ለለማጅ ሰጥቶ በኪሎ መክፈል ልክ አይደለም። ይህን ለአለቃዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እውነትህን ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ስታፋ በቁጥር ይታሰባል» አሉ። እንዲህ በቀላሉ ይቀበሉኛል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ቀጥለው ምርጫ ሰጡኝ፦ ወይ ከነገ ወዲያ ወፍራሙን ከሚያስሩት ጋር መሆን፣ ወይ እዚሁ ማጠፊያው ጋ ቀርቶ የግንባታ ሥዕል (ንድፍ) ማንበብ መማር። ለአሁኑ ገንዘቡ ያለው ወፍራሙ ላይ ነው። ቤት ደግሞ የሚጠብቁኝ አሉ፤ ምሳ ሰዓት ሙሉ ሳስብ ነበር።

ያለፈው ወር ስህተቴ ትዝ አለኝ። 30 በ30 ምሰሶ ነበር። ከየጎኑ 2.5 ሳንቲሜትር ለኮንክሪት ሽፋን ሲቀነስ ስታፋው 25 በ25 ይሆናል። አራት ጊዜ 25፣ 100 ብዬ አምስት ፌሮ ሙሉ አንድ አንድ ሜትር አድርጌ ቆረጥኩት። ጫፎቹ ወደ ውስጥ የሚታጠፉበትን መንጠቆ ረስቼው! አለቃዬ አልተቆጡም። አንዱን አንስተው አጠፉና ጫፎቹ ተገናኝተው ወደ ውስጥ የሚገባ እንዳልተረፈ አሳዩኝ። «ምሰሶው ሲጨነቅ ይሄ ይከፈታል፤ ዋናዎቹን ፌሮዎች የሚይዛቸው የለም» አሉኝ። ያን ቀን ያፈርኩትን ማፈር እስካሁን አልረሳሁትም። ደግሞም በቡድናችን የተሻለ የሚከፈለው ብዙ የሚሸከመው ሳይሆን የመቁረጫ ዝርዝሩን የሚያወጣው ሰው ነው።

ማጠፊያው ጋ እቀራለሁ አልኳቸው።

ስወጣ ሁለት ገጽ ሥዕል ሰጡኝ። አሁን ፊቴ ዘርግቼዋለሁ። የመጀመሪያው ምሰሶ 40 በ40፣ ስታፋው ባለ 8። የስታፋው ጎን 35 ሳንቲሜትር፣ ዙሪያው 140። ለሁለቱ መንጠቆ 16 ይጨመራል፣ ለመታጠፊያዎቹ 9.6 ይቀነሳል። 146.4። ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ።