መርዶ ምድጃ ፊት

በደቡብ እስራኤል ከተሞች በአንዱ፣ ዳቦ ቤት ውስጥ የሆነ ነው። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ለፈረቃ ኃላፊው ስልክ ተደወለ። ምድጃ ላይ የምትሠራው የቤተ እስራኤል ሴት ወንድሟ ሌሊቱን ሆስፒታል አርፏል፤ ቀብሩ ማምሻውን ነው። የደወለው የአጎቷ ልጅ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከቤት ይፈልጉሻል ብለህ ላካት፤ ሌላ እንዳትናገር።» ሽማግሌዎቹ ቤቷ ተሰብስበው ይጠብቃሉ።

ኃላፊው ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ አላስችል አለው። ምድጃው ድረስ ሄዶ ትከሻዋን ያዘና በዕብራይስጥ «ከእንግዲህ ሐዘን አትወቂ» አላት። ይህን የሚሉት ሰው ለሞተበት ነው። ማን እንደሞተ እንኳ ሳትጠይቅ የጋለው ትሪ ከእጇ ወደቀ፤ ራሷን ስትጥል ክንዷ የምድጃውን በር ነክቶ ተቃጠለ። ግራና ቀኝ የሚይዛት ዘመድ አልነበረም። እንዲህ ያለ ልቅሶ አይተው የማያውቁት ባልደረቦቿ አምቡላንስ ጠሩ።

መርዶ በወጉ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ተቀምጦ፣ ዘመድ ከቦት ነው። እስራኤል ውስጥ ቀብር ብዙ ጊዜ በዕለቱ ስለሚፈጸም ጎሁ ላይገኝ ይችላል፤ መቀመጡና ዘመዱ ግን አይቀርም። ከአሠሪ የሚጠበቀው ጥቂት ነው። ሠራተኛዋን አስቀድሞ ከእሳትና ከማሽን ማንሣት፣ ከዚያ በመኪና ቤቷ ደጃፍ ማድረስ። ብቻዋን አውቶቡስ ከተሳፈረች የዋትሳፕ ቡድኑ ይቀድማል።

ኃላፊው ኋላ ሲጠየቅ «መደበቅ ኃጢአት መስሎኝ» አለ። ሃላኻው፣ የአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕግ፣ ግን እንዲህ አይልም። የሕጉ መድበል ሹልሓን ዓሩኽ (ዮሬ ዴዓ በተባለው ክፍሉ፣ 402፥12) ዘመዱ መሞቱን ላላወቀ ሰው፣ ሟቹ አባት ወይም እናት ቢሆን እንኳ፣ የመንገር ግዴታ የለም ይላል፤ የሚያወራውንም በምሳሌ 10፥18 ቃል ሰነፍ፣ ማለትም ሞኝ፣ ይለዋል። ወንዶች ልጆች ካዲሽ የተባለውን የሐዘንተኛ ጸሎት እንዲሉ የመንገር ልማድ አለ፤ እኅትን አይመለከትም።

ቤተሰብም ቢሆን በማዘግየት ይሳሳታል። በ30 ቀን ውስጥ የሰማ ሰው ከሰማበት ቀን ጀምሮ ሺቫውን፣ የሰባት ቀኑን ሐዘን፣ ሙሉ 7 ቀን ይቀመጣል። ከ30 ቀን በኋላ የሰማ ግን የሚቀመጠው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ጎንደር ላለች እኅት «ትንሽ ይቆይ» እየተባለ 30ው ካለፈ፣ ሰባቱን ቀን ወሰዱባት ማለት ነው።

የዳቦ ቤቱ ደመወዝ ክፍል ደግሞ ቀብሩ ማምሻውን ነበር ብሎ የሠራተኛዋን ሰባት የሐዘን ቀን ከረቡዕ ቆጠረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተቀበረ ማክሰኞ ራሱ አንድ ቀን ነው፤ ሰንበትም ይቆጠራል፤ ሰኞ ከጠዋቱ ጸሎት በኋላ ሐዘንተኛ ይነሣል።

ዓርብ ጠዋት ኃላፊው ድንኳኑ ገባ። አበባ አልያዘም፣ ሰላምም አላለም፤ ሐዘንተኛው አፉን ሳይከፍት ለቀስተኛ እንደማይናገር ነግረውታል። ዝቅ ካለችው መቀመጫዋ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የልብሷ ደረት በቀኝ በኩል አንድ ጋት፣ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ተቀዷል። በግራ፣ በልብ በኩል የሚቀደደው ለወላጅ ነው።

ብዙ ቆዩ።

«ትሪውን ማን እያወጣ ነው?» አለችው።

«እኔ።»