መቼ እንደሚያፏጭ ግን አውቃለሁ

መኪናው እ.ኤ.አ. የ2002 ኮሮላ ነው። ቴፑ ከፋብሪካው አብሮት የመጣ፣ ሲዲና ካሴት የሚያጫውት፣ ይህን ሁሉ ዓመት አገልግሎም ፊቱ ላይ ጭረት የሌለው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁለት ነገር አስቀድመው ተናገሩ። ቴፑ አይቀየርም። ዳሽቦርዱ ላይም አዲስ ነገር አይታይም። ከዚያ ውጭ የፈለጉት ስልክ ሲደወል እጃቸው ከመሪ ሳይነሳ በብሉቱዝ ማውራት ብቻ ነው።

በጋራዣችን ሥራው የተሰጠው ልጅ እጁ ንጹሕ ነው። የፋብሪካ ሶኬት አይቆርጥም፣ ገመድ ጠምዝዞ በፕላስተር አይሸፍንም፣ የነቀለውን ክሊፕ ሁሉ ቆጥሮ ይመልሳል። የሆነው ነገር እስካሁን የሚቆጨን በዚህም ምክንያት ነው፤ በሰነፍ እጅ ቢሆን ማንም አያስታውሰውም ነበር።

ከቴፑ ጀርባ ለሲዲ ቼንጀር፣ ማለትም ብዙ ሲዲ ለሚቀያይር ተጨማሪ ሳጥን፣ የተተወ ባለ 12 እግር ሶኬት አለ። በዚህ ዕድሜ ባሉ ቶዮታዎች እግሮቹ 5 እና 7 ሆነው ይከፈላሉ፤ በኋላ በመጡት 6 እና 6 ናቸው። ሁለቱ ስለማይገጣጠሙ ዕቃ ከመታዘዙ በፊት ቴፑ ወጥቶ ጀርባው ይታያል። የድምፅ ገመድ ወደዚህ ሶኬት በቀጥታ ማስገባት ብቻውን አይሠራም፤ ቴፑ በዳታ መስመሩ ላይ የሚያናግረው ቼንጀር ካላገኘ ያንን መግቢያ ጨርሶ አይከፍተውም። ስለዚህ ቼንጀር መስላ የምትመልስለት ትንሽ ሳጥን ትገባለች፤ የብሉቱዝ ቦርዱ ደግሞ በሳጥኗ ኦክስ (የውጭ ድምፅ) መግቢያ ላይ ይሰካል። ቦርድ ሲመረጥ ኤ2ዲፒ የሚባለው የብሉቱዝ የሙዚቃ ስልት ብቻ ያለው ሙዚቃ እንጂ ጥሪ እንደማይቀበል መታወቅ አለበት። ለጥሪ ኤችኤፍፒ የሚባለው የብሉቱዝ የጥሪ ስልት እና የማይክ መግቢያ ያስፈልጋል፤ ኤችኤፍፒ 1.6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ስልኩም ከደገፈው፣ ድምፁ በሴኮንድ 8 ሺህ ሳይሆን 16 ሺህ ናሙና ሊሄድ ስለሚችል ንግግሩ ጥርት ይላል።

ይህ መንገድ አንድ ጉድለት አለው። ቴፑ ሬዲዮ ላይ ሳለ ጥሪ ቢመጣ ሳጥኗ ቴፑን አስገድዳ ወደ ቼንጀር ማዞር አትችልም፤ ደዋዩ አይሰማም። ይህን የማይወድ ሰው በቴፑና በፊት ስፒከሮቹ መሃል የሚገባ፣ የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ኪት ነው የሚያስፈልገው። (እዚያ ላይ ደግሞ የእያንዳንዱ ስፒከር ሁለቱም ገመዶች በኪቱ በኩል ያልፋሉ፤ የቴፑ የስፒከር ገመዶች ሁለቱም በግማሽ የባትሪ ቮልት ገደማ ላይ ስለሚቆሙ አንዱን «ማይነስ ነው» ብሎ ማሳ ላይ፣ ማለትም ጅረቱ በሚመለስበት የመኪናው ብረት ላይ፣ ማሰር የቴፑን ማጉያ ቺፕ ሊያቃጥል ይችላል።) ባለቤቱ ሬዲዮ አይሰሙም። ተነገራቸው፣ ተስማሙ።

ኃይሉ የተወሰደው ከቴፑ ሶኬት ነው። ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ መስመር ያለበት ገመድ ቋሚ 12 ቮልት ነው፣ ግራጫው ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣው፣ ቡናማው ማሳ። ቀለም ታምኖ አይበየድም፤ በመልቲሜትር ቁልፉ ተዘግቶም ተከፍቶም ይለካል። ብሉቱዙ ከግራጫው ተያዘ፣ በ2 አምፔር ፊውዝ። እስከዚህ ድረስ ነቀፋ የሚያገኝ ሰው የለም።

ቦርዱ የሚፈልገው 5 ቮልት ነው። ልጁ ከ12 ወደ 5 የሚያወርድ፣ ሁለት ዩኤስቢ መውጫ ያለው መቀየሪያ ነበረው። አንዱን መውጫ ለቦርዱ ሰጠ፤ ሌላው ትርፍ ሆኖ እንዳይቀር ገመድ ቀጥሎ ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ አወጣውና የስልክ ቻርጀር አደረገው። ባለቤቱ አልጠየቁትም፤ ለማስደሰት ነው። የመቀየሪያውን ማሳ በቀጭን ገመድ ዳሽቦርዱን የተሸከመው ብረት ላይ ባገኘው ብሎን አሰረው። ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ ሳይረግጥ በሚኒሞ አሥር ደቂቃ ሙዚቃ ከራሱ ስልክ አጫወተ፣ አንድ ጥሪ ሞከረ። ንጹሕ። መኪናው ወጣ።

በሳምንቱ ተመለሱ። እንግዳ መቀበያው ላይ የተናገሩት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ የሥራ ካርዱ ላይ የተጻፈው ግን ሁለት ቃል ነው፦ «ብሉቱዙ ያፏጫል»። ልጁ ካርዱን ይዞ ወጣ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ስልኩን አገናኘ። ምንም የለም። ነዳጅ ረገጠ። ምንም። ሰውየው ከጎኑ ቆመው ነበር።

«ስልኩን ቻርጅ ላይ ሳደርገው ነው የሚያፏጨው» አሉት።

«ጋሼ፣ ብሉቱዝ እኮ ገመድ የለውም። ድምፁ በአየር ነው የሚመጣው። ከቻርጀሩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።»

«ምን እንደሚያገናኘው እኔ አላውቅም ልጄ። መቼ እንደሚያፏጭ ግን አውቃለሁ።»

ልጁ የመለሰው በትሕትና ነው፤ ድምፁም አልከፋም። ያም ሆኖ ንግግሩ እዚያ ላይ ቆመ። አጠገባቸው ሌላ ሰውም ነበር፤ እሱም የልጁን መልስ ትክክል ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የብሉቱዝ ድምፅ በአየር መምጣቱ እውነት ነው። በአየር የሚመጣው ግን እስከ ቦርዱ ድረስ ነው። ከቦርዱ እስከ ቴፑ ያለው ግማሽ ሜትር በገመድ ነው የሚሄደው፤ ቦርዱ ደግሞ የሚበላው ስልኩ ከሚበላበት ከዚያው መቀየሪያ ነው። የሁለት ደቂቃ ሙከራ ነበር። ቻርጀሩን መሰካት፣ ማዳመጥ፣ መንቀል። ያን ቀን ማንም አልሞከረውም።

የተደረገው ምንድን ነው? የዲናሞ ፉጨት ነው ተብሎ 12 ቮልቱ ላይ ማጣሪያ የሽቦ ጥቅል ተገጠመ። ማጣሪያ የሚሸጥ ሰው ለማንኛውም ጩኸት ይህን ግዙ ይላል፤ ጥቅሉ ግን የሚያጠራው በፕላስ መስመር የሚገባውን ብቻ ነው። በማሳ በኩል ለሚዞር ጩኸት ምንም አይፈይድም። ያልሰሙትን ጩኸት ለማጥፋት ዕቃ መጨመር በጭፍን መድኃኒት እንደ መስጠት ነው፤ ይህን የምለው በሙሉ ልቤ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ሲመለሱ ሰውየው አልተከራከሩም። ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ ዘፈን ከፈቱ፣ የቻርጀሩን ገመድ ስልካቸው ላይ ሰኩ። ቀጭን ፉጨት መጣ። ነዳጅ ረገጡ፤ ፉጨቱ አብሮ ወደ ላይ ወጣ። ነቀሉት፤ ጠፋ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ። ልጁ ፊቱ ቀላ። ወዲያው የድምፁ መስመር ላይ ድምፁን ብቻ አሻግሮ የማሳውን ግንኙነት የሚቆርጥ የትራንስፎርመር ማለያያ ገጠመ፤ ፉጨቱ በርግጥም ቆመ። ሰውየውም አመስግነው ሄዱ። ምክንያቱ ግን እንዳለ ነው፤ የተዘጋው የሚሰማበት መንገድ ብቻ ነው።

ርካሽ ማለያያ ውስጥ ያሉት ትራንስፎርመሮች የጣት ጫፍ ያህል ናቸው። የብረት እምብርታቸው ለዝቅተኛው ድምፅ አይበቃም፤ ድምፁ ከፍ ሲል ይሞላና ቤዙ ይቀጥናል፣ ይንሻፈፋል። በሦስተኛው ሳምንት ሰውየው ይህንኑ በራሳቸው ቋንቋ ነገሩን፦ «ከበሮው ጠፋ።» ሌላም ጨመሩ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያናግራቸው ሰው ሁሉ የራሱ ድምፅ ተመልሶ ይመጣበታል።

በዚህ ጊዜ መኪናውን የያዘው ሌላ ባልደረባችን ነው። መጀመሪያ ያደረገው ልኬት ነው። የድምፅ ገመዱን ከሳጥኗ ነቀለው፤ ካልተነቀለ ጅረቱ በገመዱ ሽፋን በኩል ስለሚያልፍ ልኬቱ ይዋሻል። መልቲሜትሩን ሚሊቮልት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ የቴፑ ብረት ሳጥን ላይ፣ ሌላውን የቦርዱ ማሳ ላይ አሳረፈ። ስልኩ ሳይሰካ 3 ሚሊቮልት። ሲሰካ 90። ልጁን ጠርቶ እንዲያይ አደረገው፣ ራሱ እንዲሰካና እንዲነቅልም።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ስልኩ በ5 ቮልት 2 አምፔር ሲስብ 10 ዋት ይሆናል፤ ሞተር ሲሠራ ለሚኖረው 14 ቮልት ገደማ ሲካፈል፣ ብክነቱ ተጨምሮበት፣ ከ1 አምፔር ትንሽ ያነሰ ነው። ያ ሁሉ ጅረት የሚመለሰው ወደ ብሎኑ በሚሄደው ቀጭን ገመድ ነው። 0.2 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ በአንድ ሜትር ወደ 0.09 ኦም አለው፤ ብሎኑ ሥር ያልተፋቀ ቀለም ሲኖር ደግሞ ይብሳል። በዚህ ምክንያት የቦርዱ ማሳ ከቴፑ ማሳ ከፍ ብሎ ይቆማል። ከቦርዱ የሚወጣው ድምፅ ራሱ ከአንድ ቮልት የማይበልጥ ስለሆነ በላዩ የሚጨመር ጥቂት ሚሊቮልት መንቀጥቀጥ ሁሉ በስፒከር ይሰማል። ለምን ከሞተሩ ጋር ይወጣል ለሚለው፣ መቀየሪያው የሚስበው ኃይል ቋሚ ስለሆነ የዲናሞው ቮልት ከፍ ሲል ጅረቱ ይቀንሳል፣ ዝቅ ሲል ይጨምራል። የዲናሞው ሞገድ እንዲህ ተገልብጦ ማሳው ላይ ይጻፋል።

ማለያያው ወጣ፣ ማጣሪያውም ወጣ። ቻርጀሩ ለብቻው ሆነ፤ የራሱ መቀየሪያ፣ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር የማሳ ገመድ፣ ቀለሙ እስከ ባዶ ብረት ተፍቆ በታሰረ ብሎን። ቦርዱ ትንሽ ለብቻው የሆነ 5 ቮልት መቀየሪያ አገኘ፤ ከዚያም ከ5 ወደ 5 የሚያሻግር ባለ 1 ዋት ገለልተኛ ሞጁል መሃል ገባ። ይህ ሞጁል በመግቢያና በመውጫው መካከል የማሳ ግንኙነት የለውም፤ 200 ሚሊአምፔር ይሰጣል፣ ቦርዱ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚፈልገው። የሞጁሉ የራሱ ጩኸት እንዳይሰማ መውጫው ላይ 10 ማይክሮፋራድ ኮንደንሰር ተበየደ። ቦርዱ አሁን ማሳ የሚያገኘው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፣ ከቴፑ በሚመጣው የድምፅ ገመድ ሽፋን። ከበሮው ተመለሰ፤ ስልኩ ተሰክቶም፣ ነዳጅ ተረግጦም ፉጨት የለም።

ማይኩ ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ ጥፋቱ ሰውየውን መስማታችን ነው። እንዳይታይ ስላሉ በመሪው አምድ ሽፋን ግርጌ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ተበስቶ ከውስጥ ተለጥፎ ነበር፤ ከአፋቸው ሩቅ፣ ከበሩ ስፒከር ቅርብ። ቦርዱ የሚመለሰውን ድምፅ የሚያጠፋው ራሱ የላከውን ስለሚያውቅ ነው። ቴፑ ከበቂ በላይ አጉልቶ ስፒከሩ ሲንሻፈፍ ማይኩ የሚሰማው ቦርዱ ከላከው ጋር አይመሳሰልም፣ ስለዚህ አይጠፋም። የስፒከሩ ድምፅ ከተናጋሪው በልጦ ማይኩ ላይ ከደረሰ ደግሞ ቦርዱ የተናጋሪውን ቃል አብሮ ይቆርጠዋል። ይህን የሚያስተካክል ቅንብር የለም፤ ቦታው ነው መለወጥ ያለበት። ይህ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ዕቃው ሳይታዘዝ፣ «አይሆንም ጋሼ» ተብሎ መነገር ነበረበት።

ማይኩ ከፊት መስታወቱ በላይ፣ የጣሪያው ጨርቅ ጠርዝ ላይ ወጣ፤ ከአፍ 40 ሴንቲሜትር ያህል፣ ወደ ሾፌሩ ዞሮ፣ የአየር ማስገቢያው በማይነፍስበት በኩል። ገመዱ ሽፋን ያለው ሆኖ በጎን ምሰሶው ውስጥ ወረደ፣ ከነፋሻው ሞተር ገመድ ርቆ። ምሰሶው ውስጥ ኤርባግ ባለበት መኪና ገመዱ ከኤርባጉ ኋላ እንጂ ከፊቱ አያልፍም፤ ሽፋኑ ከመነቀሉ በፊትም የባትሪው ማይነስ ተፈትቶ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይጠበቃል። ኮድ የሚጠይቅ ቴፕ ከሆነ ኮዱ እጅ ላይ ሳይኖር ባትሪ አይነካም። በመጨረሻ የስልኩ የጥሪ ድምፅ ከፍ፣ የቴፑ ዝቅ ተደርጎ ተስተካከለ።

ከዚያ ወዲህ የሥራ ካርዱ ላይ «ችግሩ» ከሚለው መስመር ሥር «መቼ» የሚል መስመር ተጨምሯል፤ ደንበኛው ያለው ሳያጥር ይጻፍበታል። ሐሳቡን ያነሳው ልጁ ራሱ ነው። አንዳንድ ቀን ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ እሱ ካርዱን ይዞ ወደ እንግዳ መቀበያው ይመለሳል እንጂ መኪናውን አይከፍትም።

ሰውየው ማይኩን ሲያዩ ጥቂት ዝም አሉ። ትንሽ ጥቁር ነገር ነው፣ ግን ይታያል። ከዚያ ደወሉ፣ ከቤታቸው ሰው ጋር አወሩ፣ ይሰማችኋል ወይ ብለው ሁለቴ ጠየቁ። የተበሳውን የመሪ አምድ ሽፋን በሌላ እንለውጥልዎ ሲባሉ ግን እምቢ አሉ። «የፋብሪካው ነው፣ ይቆይ» አሉና ቀዳዳዋን በአውራ ጣታቸው ሸፍነው ሞተሩን አስነሱ።