የመለመን ፈቃድ

ማክሰኞ፣ የዕረፍት ቀኔ። ዝናብ። የኤድንብራን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ እንዳይባል ካፊያ ነው፣ ካፊያ እንዳይባል ያበሰብሳል፤ ደግሞ ከላይ መውረዱን ትቶ ከጎን ነው የሚመጣው። ትናንት ማታ ከእህቴ ጋር በቴሌግራም ስንነታረክ አመሸን። ነገሩ ያው ነው፣ የአባባ ቤት ጣሪያ። አምና ቆርቆሮው ተቀየረ ተብሎ ነበር፤ ዘንድሮ ሰኔ ሳይጋመስ ያፈሳል ተባለ። ቱግ አልኩና አንዲት መስመር ጽፌላት ስልኬን በፊቱ ደፍቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ መልስ የለም። አንብባዋለች ግን፤ ሁለቷ ምልክት አለች።

ቤት መዋል አስጠላኝና ወጣሁ። ቻምበርስ ጎዳና ላይ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም መግቢያው በነፃ ነው፤ መጸዳጃ ቤትም አለው። እውነቱን ለመናገር የገባሁት ለሁለተኛው ነበር። ከዚያ ወዴት እንደታጠፍኩ እንጃ፣ ብቻ አንድ የመስታወት ሣጥን ፊት ቆሜያለሁ። ውስጡ ትንንሽ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ ቁራጮች ተደርድረዋል፤ የአጥቢያ ስም የተቀረጸባቸው፣ ቁጥር የተመታባቸው፣ ልብስ ላይ እንዲሰፉ ወይም እንዲንጠለጠሉ የተበሱ። መጀመሪያ የከብት ምልክት መሰሉኝ። ጽሑፉን ሳነብ ለካ የሰው ናቸው። የለማኝ። በዚህ አገር መለመን ፈቃድ ነበረው ማለት ነው። ታርጋ! ሚኒባስ ይመስል።

እዚያው ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የነበረች እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

ከዚያ በኋላ ቀኑ አለቀ። ቤት ገብቼ ምሳዬን እንኳ በወጉ ሳልበላ ስለነዚህ ታርጋዎች ሳነብ ዋልኩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው።) ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ነው። በስኮትላንዱ ንጉሥ በቀዳማዊ ጄምስ ዘመን፣ በ1425፣ አንድ ሕግ ወጣ። ዕድሜው ከ14 እስከ 70 የሆነ ሰው ሌላ መተዳደሪያ እንደሌለው ካልታየለት በቀር አይለምንም። የታየለት ምልክት ይሰጠዋል። ያልታየለት ሥራ ይያዝ፤ አለዚያ ጉንጩ ተተኩሶ ካገር ይባረር። ታርጋ የተከለከለው ሰው ፊቱ ላይ ታርጋ ተለጠፈለት ማለት አይደል?

በ1535 ደግሞ ሰው በተወለደበት አጥቢያ እንጂ በሌላው እንዳይለምን ተባለ፤ ምልክቱን ማደልም ለየአጥቢያው ተሰጠ። በ1560 ከካቶሊክ ወደ ፕሮቴስታንት ከዞሩ በኋላ ሥራው የአጥቢያው ጉባኤ ሆነ። ሰባኪው ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጥና ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሚጠጣ፣ ማን የሚጦረው ልጅ እያለው እንደሚያለቅስ ስም በስም ይመረምራል። ገንዘቡ የሚመጣው ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ምጽዋት፣ በዝሙት ከተከሰሱት መቀጫ፣ ከሬሳ መሸፈኛ ጨርቅ ኪራይ ነው። ሙዳዩ የማያዳርስ ሲሆን ታርጋ ይሰጡትና በየደጃፉ ይሂድ ይሉታል። በብዙ አጥቢያ ደግሞ ድሃው ሲሞት የነበረችውን ዕቃ ጉባኤው ይወስድና በጨረታ ይሸጣታል። አንዲት ድስት፣ አንድ ብርድ ልብስ። ይህችን ሳነብ ነው ሻዬ የቀዘቀዘው።

እኛስ ብዬ ማሰቤ አልቀረም። እኛ ለማኝን «የኔ ቢጤ» እንላለን። ይህን ቃል ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ተርጉሜላት ዓይኗ እንባ ሊያቀርር ነበር፤ እኔም ቃሉን ራሴ የፈጠርኩት ይመስል ተኮፍሼ ዋልኩ። ያልነገርኳት ግን አለ። «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለውን ቃል የተሰጠው ሰው ለምስጋና ይለዋል፣ የማይሰጠውም ሰው በሩን እየዘጋ ይለዋል። ሁለቱ የሚለዩት በድምፅ ብቻ ነው። እናቴ ስትለው ከጓዳ ሆኜ እሰማና ለማኙ እንጀራ ይዞ ይሂድ ባዶውን ይሂድ ሳላይ አውቀው ነበር።

ወደ ስኮትላንዶቹ። በ1690ዎቹ በተከታታይ ብርድና የሰብል ጥፋት መጣባቸው፤ ክፉዎቹ ዓመታት ይሏቸዋል። በ1698 የሳልቱኑ አንድሩ ፍሌቸር ከደጅ ደጅ የሚለምነውን ሰው 200,000 ብሎ ገመተው። ያኔ ያገሩ ሕዝብ ቢበዛ ከአንድ ሚሊዮን ብዙም አይዘልም። ቁጥሩን እሱው የገመተው ነው፣ ማንም አልቆጠረም። የሚገርመኝ ግን መፍትሔው ነው። ሰውዬው እስከ ዛሬ ድረስ የስኮትላንድ ነፃነት ጠበቃ ተብሎ የሚወደስ ነው፤ ለማኞቹን ግን ባለ ርስቶች በአገልጋይነት አስረው ያሠሯቸው ብሎ ጻፈ። ነፃነት ለአገሩ፣ ገመዱ ለለማኙ። እንዲህ ዓይነት ሰው እኛም ጋ አለ፤ ስም አልጠራም፣ ዝምድና አለን።

ቆይ፣ ደስ የሚለኝን ሳልነግራችሁ። ከሁሉም በላይ የሆኑ ለማኞች ነበሩ። ንጉሡ ራሱ የሚሾማቸው፣ ሰማያዊ ካባ የሚለብሱ። ቁጥራቸው የንጉሡን ዕድሜ ያህል ነው። ንጉሡ አንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር በልደቱ ቀን አንድ ለማኝ ይጨመራል፤ ለእያንዳንዳቸው አዲስ ካባና በንጉሡ ዕድሜ ልክ ሳንቲም የያዘ ቦርሳ ይሰጣል። እነሱም በምላሹ ለንጉሡ ይጸልያሉ። ትልቁ የቆርቆሮ ታርጋቸው ላይ «ይለፍ፣ ይመለስ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ እንደ ሌላው በአጥቢያ አጥር አይታገዱም፣ አገሩን ሙሉ ይዞራሉ። ሦስተኛው ጆርጅ 81 ዓመት ኖረ። እስኪ አስቡት፣ «ዕድሜ ይስጥዎ» የሚለው ምርቃት ለለማኙ የደመወዝ ጭማሪ ሲሆን! ከልባቸው ነው የሚመርቁት። ደራሲው ዋልተር ስኮት እንደጻፈው ግን በዚያው በልደቱ ቀን ስብከት ይሰበክላቸው ነበርና እንደነሱ ትዕግሥት የሌለው ሰሚ አልነበረም። እኔ አልፈርድባቸውም። ቦርሳው የሚመጣው ከስብከቱ በኋላ ነው።

ሹመቱ በ1833 ቆመ። በ1845 አዲስ የድሆች ሕግ ወጣና ሥራው ከቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ወደ ቦርድ ዞረ።

እስከዚህ ድረስ በሳቅ ነው የመጣሁት። የ1579ኙ ሕግ ነው የያዘኝ። ለምኖ አዳሪ ወሮበላ ብሎ የሚገረፈውንና ጆሮው በጋለ ብረት የሚበሳውን ይዘረዝራል። እጅ ተመልክተው የሚጠነቁሉ፣ ጌታ የሌላቸው ዘፋኞችና ተረት ነጋሪዎች (አዝማሪዎቹ ማለት ነው) እያለ ይቀጥልና፣ ከሴንት አንድሩስ፣ ከግላስጎና ከአበርዲን ዩኒቨርሲቲ የሚወጡ፣ ምጽዋት እንዲጠይቁ ከዩኒቨርሲቲው አለቃ ፈቃድ ያልተሰጣቸው ተማሪዎች ይላል።

ተማሪዎች! ለምነው የሚማሩ!

አባባን አየኋቸው። ዋሸራ፣ የቅኔ ተማሪ፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳቸውን በትከሻ አንግተው፣ ለውሻ ዱላ ይዘው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከደጅ ሲቆሙ። ይህን ታሪክ ሺህ ጊዜ ነግረውናል። የሚነግሩን ግን ሁልጊዜ የውሻውን ነው። የትኛው መንደር ክፉ ውሻ እንዳለ፣ የትኛው ውሻ የማንን ባት እንደዘነጠለ፣ የትኛዋ ሴትዮ ውሻዋን ይዛ ቁራሽ እንደምትሰጥ። ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ወይም ደበሎው ነበር ፈቃዱ። ያን የበግ ለምድ ያየ ሰው ይህ ተማሪ ነው ይላል እንጂ ቦዘኔ ነህ፣ ሰነፍ ነህ ብሎ አይጠይቅም። የባላገር ልጅ፣ የባለርስት ልጅም ቢሆን ለምኖ ይማራል፤ ትዕቢቱን እንዲጥልበት ነው ይሉናል። እና ታርጋ ክብርም ሊሆን ይችላል ማለት ነው? ሰማያዊ ካባ ለባሾቹ እኮ ተንቀባረው ነበር የሚሄዱት።

ባሕሩን ተሻግሮ፣ ደብሊን ላይ፣ ጆናታን ስዊፍት የሚባለው ቀሲስ በ1737 በራሪ ጽሑፍ አወጣ። ለደብሊን ለማኞች በየአጥቢያቸው ታርጋ ይሰጣቸው ይላል። እሱን ያናደደው ምን መሰላችሁ? ታርጋ የተሰጣቸውም ይደብቁታል። ለመለመን የማያፍሩ ሰዎች ታርጋውን ለማሳየት ኩራታቸው አልፈቀደም ብሎ ይንጨረጨራል። ብልህ ሰው ነበር ይባላል፤ ይህቺ ግን አልገባችውም።

እኔ ትገባኛለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመቶቼን የምታውቁ ካርዴን ታስታውሳላችሁ። ጥገኝነት ለጠየቀ ሰው በየሳምንቱ ጥቂት ገንዘብ የሚሞላባት። እንደ ማንኛውም የባንክ ካርድ ናት፣ ማንም ከሩቅ አይለያትም፤ እኔ ግን መክፈያው ጋ ስደርስ መዳፌ ውስጥ ቀብሬ ነበር የማወጣት። አንድ ቀን ገንዘቡ አልበቃ አለኝና እንቁላሉን መለስኩ። ከኋላዬ የቆሙት ሴትዮ ልክፈልልሽ አሉኝ። እንቁላል አልወድም አልኳቸው። የሚወዱኝ ሁሉ እንቁላል እንደምወድ ያውቃሉ። ካርዲፍ ላይ ደግሞ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት፣ ጥገኝነት ጠያቂዎች ምግብ እንዲሰጣቸው ባለ ደማቅ ቀለም አምባር እጃቸው ላይ እንዲያስሩ ተደርጎ ነበር፤ ወሬው ሲወጣና ሰው ሲቆጣ በ2016 መጀመሪያ ላይ ቀረ። እርሳሱ ፕላስቲክ ሆነ እንጂ።

ይህን ስጽፍ ቁጣዬ እየነደደ ነው፣ ጥሩ ነው፣ እየጻፍኩ ነው፣ ፍሌቸርን ልሰድበው፣ ስዊፍትን ልሰድበው፣ የአጥቢያውን ሽማግሌዎች ልሰድባቸው ነው። ተቸገርኩ ላለህ ሰው መቸገርህን አሳየኝ ማለት ምን የሚሉት ልብ ነው ልል ነው።

እና ለእህቴ የጻፍኳት መስመር ትዝ አለችኝ።

«መጀመሪያ የሚያፈሰውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።»

ለትንሽ ጊዜ ከወንበሬ ሳልነሳ ቆየሁ። ራሴን ለመከላከል የሚሆን ብዙ ነገር አለኝ። አምና ልኬያለሁ። የቆርቆሮ ዋጋ አይታወቅም። የአጎቴ ልጅ ለሆስፒታል ብሎ ወስዶ ሞተር ብስክሌት ገዛበት፣ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሌሊት ፈረቃ እየሠራሁ ነው የማገኘው። የአጥቢያው ሽማግሌዎችም ይህንኑ ነበር የሚሉት መሰለኝ፤ ሙዳዩ ትንሽ ነው፣ አጭበርባሪው ብዙ ነው፣ ለእውነተኛው ድሃ እንዳይጎድልበት ነው። ደግሞም ውሸታቸውን አልነበረም። ክፋቱ እሱ ነው።

ሳልተኛ ነጋ። በእኛ አገር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ አባባ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው የሚቀመጡበት ሰዓት ነው፣ ደወልኩ። ስለ ጣሪያው ልናገር፣ ይቅርታም ልጠይቅ ነበር። ሰላምታው አለቀ፣ የጎረቤቱ ጤና አለቀ፣ የላሟ ተነገረኝ። እኔ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«አባባ፣ ዋሸራ እያሉ፣ ሲለምኑ... ያፍሩ ነበር?»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ምነው ልጄ፣ ቸገረሽ እንዴ?»

«ኧረ አልቸገረኝም አባባ፣ እንዲያው...»

«ጣሪያው ይቆይ። ባልዲ አለን። ራስሽን እንዳትጎጂ።»

«አባባ ኧረ...»

«አንቺ ደግሞ ደብቂኝ።»

ከዚያ መረቁኝና ዘጉት። ያፍሩ እንደሆን ሳይነግሩኝ።

መልእክቴን ልሰርዛት ብዬ ቴሌግራም ከፈትኩ። እህቴ ቀድማኛለች፤ ፎቶው ደርሷል፣ ያለ አንድ ቃል። ፎቶ ልትነሱ ነው ሲባሉ ለብሰው ነው የወጡት መሰለኝ። አባባ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ከወገባቸው በላይ ነው የተነሱት። ከጥምጥሙ በላይ ተቆርጧል።

ጣሪያው አይታይም።